ባለቤት የሌለው መድኃኒት

ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ቀን ዓይኗና ፊቷ ቢጫ ሆነ። አማቴ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቋት፣ ይጠፋላታል» አሉ። እኛ ግን ሐኪም ቤት ይዘናት ሄድን። ዓይኗን ሸፍነው ሰማያዊ መብራት ሥር ሲያስተኟት አላስቻለኝም፤ «ዶክተር፣ የሚሰጣት መድኃኒት የለም?» አልኩ። «መድኃኒቷ እኮ ይኸው መብራቱ ነው» አለችኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ አዲስና ውድ የሆነ ነገር ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ሌሊቱን ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ በሮችፎርድ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሲስተር ጂን ዋርድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ግቢ አውጥተው ፀሐይ ያሞቁ ነበር። (ከአማቴ ጋር ቢገናኙ ይግባቡ ነበር።) አንድ ቀን የአንዱ ሕፃን ገላ ጠርቶ፣ የአንሶላው ጫፍ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነ ቀርቶ አዩ። በ1958 የሆስፒታሉ ሐኪሞች ግኝቱን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡት። ብርሃኑ ቆዳ ሥር ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ስለሚለውጠው በሰገራና በሽንት ይወጣል። ማሽኑ ፓተንት ሊኖረው ይችላል፤ ብርሃን ግን የማንም አይደለም።

መርፌም ተሞክሯል። ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አታላህ ካፓስ ስታንሶፖርፊን በተባለ መድኃኒት ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ቢሊሩቢን ከመመረቱ በፊት የሚያግድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ፣ ፓተንት ያለው። ማስታወቂያውን በአንድ ቀን ጽፌ እጨርሰው ነበር! ይሁንና በ2018 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያማከራቸው ባለሙያዎች አብዛኞቹ ተቃወሙት፤ ፈቃድም አላገኘም።

የስሜት ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ሊቲየም ከምድር የሚገኝ ጨው ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ለማኒያ እንደሚረዳ የጻፉት በ1949 ሲሆን አሜሪካ የፈቀደችው በ1970 ነው። መርዛማነቱ ያስፈራ ነበር፤ ለዚህም ነው ዛሬም በደም ምርመራ ክትትል የሚሰጠው። ግን ደግሞ «የእኔ ነው» ብሎ የሚያስተዋውቀው ኩባንያም አልነበረም። ዛሬም ባይፖላር ላለባቸው ሰዎች ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው።

አዲሱ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድባቴ ዙራኖሎን የተባለ የ14 ቀን እንክብል በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በ2023 የወጣለት ዋጋ ግን ወደ 15,900 ዶላር ነበር!

ዶክተሯ አጥብቃ የነገረችን፣ የቤት ፀሐይ የሐኪም ቤቱን መብራት አይተካም። ቢጫነቱ በመጀመሪያው ቀን ከታየ፣ ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ የዚያኑ ቀን መውሰድ ነው፤ ቢሊሩቢን ሲበዛ አንጎል ይጎዳል።

በሁለተኛው ቀን መጠኑ ወረደላትና ወጣን። አማቴ ዛሬም በጠዋት በረንዳ ያወጧታል።