የሴቶች ውፍረትና የሰውነት እንቅስቃሴ

በከተማ አንዲት ሴት ስትወፍር ዘመድ ወዳጅ «ተመችቷታል» ብሎ ደስ ይለዋል። እኛ ግን ይህችው ሴት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት፥ ጕልበቷን ሲያማት፥ የደም ግፊቷም ከፍ ሲል ስለምናይ ደስታውን ለመካፈል እንቸገራለን።

በሰውነት ውስጥ የተከማቸ ሥብ ለክፉ ቀን በጐተራ እንደ ተቀመጠ እህል ነው። ሰውነት በሥራ ላይ ሲሆን አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ሥቡ እንዲፈታ ያደርጋል፤ የተፈታውም በደም ተጭኖ ወደ ጡንቻ ይደርስና በኦክሲጅን ይቃጠላል። ብዙ ሰው ሥብ በላብ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህም በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርቦ የሚሮጥ አለ። ይህ ስሕተት ነው፤ በላብ የወጣው ውሃ ሲጠጡ ይመለሳልና። በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፥ 10 ኪሎ ሥብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። እንግዲህ የሥብ ዋናው መውጫ ሳንባ ነው።

እጅግ በበረታ ሩጫ ጊዜ ሰውነት ስኳርን ያስቀድማል፤ በመካከለኛ ሥራ ግን የሥቡ ድርሻ ከፍ ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ብርቱ ሥራ አይጠቅምም ማለት አይገባም። ለጥቂት ወራት ሳታቋርጥ የሠራች ሴት ልቧ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል፤ በጡንቻዋም ውስጥ ሥብ የሚያቃጥሉት ጥቃቅን ምድጃዎች፥ ማለት ሚቶኮንድሪያ፥ ይበዛሉ። ስለዚህ ቀድሞ ያደክማት የነበረው ዳገት ይቀላታል።

ሚዛኑ ግን ላይታዘዝ ይችላል። ምግብ ሳይስተካከል በእንቅስቃሴ ብቻ የሚቀንሰው ክብደት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም ክብደቱ እምብዛም ሳይለወጥ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተጠራቀመው ሥብ ሊጐድል ስለሚችል፥ ሚዛን ላይ ከመመላለስ ይልቅ መቀነት መላላቱን መመልከት ይሻላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ነው። እየሠሩ መነጋገር የሚቻል ሆኖ መዝፈን ካቃተ መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ከተቋረጠ ብርቱ ነው። የልብ፥ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለባት፥ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ሌላዋ በፈጣን እርምጃ ትጀምር። በአደባባይ መሮጥ የምታፍር ብትኖር፥ ጧት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም የሩቁን መንገድ መርጣ ፈጠን ብላ ትሂድ።