ጠጁ የእናቴ፣ ጠርሙሱ የሰው!

ዛሬ "ጥሎኝ ሄደ" የለም፤ "ደውዬላት አላነሳችም" የለም። የዛሬው ጣጣችን ጠርሙስ ነው። አዎ፣ ባዶ ጠርሙስ! መሳቁን ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ደብዳቤውን ስታነቡ ግን ሳቃችሁ መቀነሱ አይቀርም። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀች "እህታችን" ብለን እንለፋት።

"ዕድሜዬ 24 ነው" ትላለች። "በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ሥራ የለኝም። እናታችን ያሳደገችን ጠጅ እየጣለች ነው። አሁን ጉልበቷ ስለደከመ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጠጁን በጠርሙስ እያደረግን ለበዓል ለሚያውቁን ሰዎች ልንሸጥ ጀመርን። ለገና 10 ጠርሙስ ላክን። አንዷ ሴትዮ ግን ጠርሙሱ ላይ ግማሹ የተቀደደ የወይን ጠጅ ወረቀት ስላየች 'ይሄ ከየት የተለቀመ ነው?' ብላ ሳትቀምሰው መለሰችው። እናቴ አለቀሰች። ጠጁ የእናቴ፣ ጠርሙሱ የሰው ሆነና ተዋረድን። ወንድሜ ወረቀቱ በቤንዚን ይለቃል ይላል። እናቴ ደግሞ በቢላ ፋቁት ትላለች። ምን ይሻለናል?"

እህቴ፣ በቅድሚያ እናትሽን "አይዞዎት" በይልኝ። ሴትዮዋ ነገሩን በጨዋ አፍ ልትለው ትችል ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኔም ብሆን ቅር ይለኝ ነበር። ጠጅ ቤት ገብተን በብርሌ ሲቀርብልን ብርሌው ከየት መጣ ብለን አንጠይቅም። ጠርሙስ ሲሆን ግን ዓይናችን ወረቀት ያነባል። የተቦጫጨቀ ወረቀት ደግሞ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ያጠበው ሰው ቸኩሏል። ውጭውን የቸኮለ ውስጡንስ እንዴት አድርጎት ይሆን? ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፣ ምን ታደርጊዋለሽ!

አሁን ወደ ወንድምሽ። "ኧረ በእናትህ!" በይልኝ። ቤንዚን ሙጫ ይፈታል፤ እዚህ ላይ ልጁ አልዋሸም። ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄድና ጓዳ ጥግ ያለችውን የከሰል ምድጃ ያገኛታል። ጠጅ የሚጣልበት ቤት ደግሞ መቼም እሳት አይጠፋበትም። አንድ ጠርሙስ አጸዳለሁ ብሎ ቤት ማንደድ! ሽታውስ ቢሆን? ጠርሙሱ አፍ ላይ አንዲት ጠብታ ቀረች ማለት የእናትሽ ጠጅ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ ማለት ነው። ላምባም ናፍጣም ያው ናቸው፤ ከጓዳ ይውጡ።

የእናትሽ ቢላስ? ወረቀቱ ከራሰ በኋላ ቢሆን አልቃወምም ነበር። ደረቁን ሲፋቅ ግን ወረቀቱ ይሄዳል፣ ሙጫው ይቀራል፤ ጠርሙሱም ይጫራል። የተጫረ ጠርሙስ አቅሙ ይደክማል። ለምን አቅም እንደሚያስፈልገው ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ምስጢሩ ያለው ሙጫው ላይ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ 20 የሚሆኑ ልዩ ልዩ ጠርሙሶች ሰብስቤ ጓሮዬ ውስጥ ሳፋ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። (ጎረቤቶቼ ጠጪ ሆነ ብለው አምተውኝ ይሆናል፤ ይሁን።) ሁለት ዓይነት ሙጫ አለ። የመጀመሪያው ከስታርች ወይም ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ነው። ይሄ ሙጫ፣ በተለይ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራው፣ በረዶ ውስጥ ሲነከር ችሎ ይቆያል፤ ሙቅ ውሃና ሶዳ ሲያገኝ ግን እጁን ይሰጣል። ቢራ ፋብሪካዎች ተመላሽ ጠርሙሳቸውን የሚያጥቡት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውሃ። እናንተ ግን ኮስቲክ ሶዳ እንዳትነኩ! ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። እኛ ዳቦ የምንነፋበት ቤኪንግ ሶዳ ይበቃናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ፤ ላርጎም ጠብ አድርጊበት። ውሃው እጅሽን ከትተሽ ለትንሽ ጊዜ የምትችይው ዓይነት ሙቀት ይኑረው። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ከደፋሽ "ቷ!" ብሎ ይሰነጠቃል፤ መስታወት ድንገተኛ ነገር አይወድም። መጀመሪያ ለብ ባለው አስለምጂው። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሙሊው፣ አለበለዚያ ይንሳፈፍና አንድ ጎኑ ደረቅ ይቀራል። ከዚያ ዘፍዝፈሽው ሂጂ፤ ቡናሽን አፍይ። ከሞከርኳቸው ውስጥ አንዳንዶቹ በ30 ደቂቃ ወረቀታቸው ራሱ ተላቆ ሳፋው ላይ ሲዋኝ አገኘሁት። ግትሮቹን አሳደርኳቸው፤ ጠዋት በአውራ ጣት ገፋ ሳደርጋቸው ወረዱ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ያው ውሃ እንደገና ሞቆ ሁለት ሦስት ዙር ያገለግላል፤ በመጨረሻም ለሽንት ቤት ይሆናል። ሶዳ ከጠፋ የተነፋ የእንጨት አመድ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ አጥልይው፤ ያው ሥራ ይሠራል። እጅ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጊ።

ሁለተኛው ሙጫ ነው እልኸኛው። እንደ ስቲከር የሚለጠፈው ማለቴ ነው። ይሄ ውሃ አይገባውም፤ ብትዘፈዝፊው ሳምንት ይተኛልሻል። የሚሸነፈው በሙቀትና በዘይት ነው። ደረቁን ጠርሙስ ውስጡን ቀስ በቀስ በሙቅ ውሃ ሙይና አምስት ደቂቃ ጠብቂ። የወረቀቱን ጥግ በጥፍር አንሺው፤ ከዚያ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፈሽ ቀስ እያልሽ ሳቢ። ከቸኮልሽ ይቀደዳል፤ ካልቸኮልሽ ሙጫውን ይዞ ይመጣል። የፀጉር ማድረቂያ ያለው ሰው በእሱ ማሞቅ ይችላል። የሚቀረውን የሚያጣብቅ ነገር ደግሞ የምግብ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ለውሰሽ ቀቢውና ግማሽ ሰዓት ተዪው፤ በሻካራ ስፖንጅ ስታሺው ተንከባሎ ይወርዳል። በላርጎና በሙቅ ውሃ ዘይቱን አስለቅቂ። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ በየቤቱ የቀረችው የእጅ አልኮልም ለመጨረሻዋ ቅሪት ጥሩ ናት፤ ከእሳት ርቀሽ ግን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ጠርሙሶቹን ስሰበስብ በራችን ላይ የሚያልፍ አንድ ቆራሌው አስቁሜ የውስኪ ጠርሙስ ጠየቅሁት። "ወረቀቱ ያልተነካውን ነው የሌለውን?" አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብል "ያልተነካው ዋጋው ሌላ ነው" አለ። ለምን? ብለው "አንተ ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። ገባችሁ አይደል? ወረቀቱ ሙሉ የሆነ የውስኪ ጠርሙስ ከቤታችሁ ሲወጣ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ሊመለስ ይችላል። ጠጅ ባትጥሉም እንኳ ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱን ቦጭቁት። ይሄንን እንኳን በቢላም ቢሆን ፈቅጃለሁ!

የትኛው ጠርሙስ ነው የማይሆነው? የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ፋብሪካው መልሶ የሚሞላው ነው፤ ወደ ሳጥኑ ይመለስ። ለስላሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ወረቀት ሳይሆን በእሳት የተጋገረ ቀለም ስለሆነ አትልፊ፣ አይለቅም። አፉ የተሸረፈ ከሆነ ጣይው። ከሁሉም በላይ ግን ምን እንደነበረበት የማታውቂውን ጠርሙስ አትንኪ! በየቤቱ በረኪና፣ ላምባ፣ ፀረ ተባይ በወይን ጠርሙስ ይቀመጣል። ወረቀቱ የሌለ ጠርሙስ ከሰው ስትገዢ ወረቀቱ ለምን እንደሌለ ጠይቂ። አንቺ ወረቀት የምታነሺው ጠርሙሱ ምን እንደነበረ ካወቅሽ በኋላ ነው። ሙቅ ውሃ ጨምረሽ፣ ከድነሽ፣ ነቅንቀሽ አሽትችው፤ ጥርጣሬ ካለሽ ይቅርብሽ። ሽታ የሌለው መርዝም አለና አፍንጫ ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

ውስጡን ለማጠብ የጡጦ ብሩሽ አለልሽ። ብሩሹ ካልደረሰ እፍኝ ጥሬ ሩዝና ሙቅ ውሃ ከትተሽ በደንብ ነቅንቂው። ከዚያ አራት ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና አድርገሽ 10 ደቂቃ አቆይውና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂው። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር የሚያደባልቅ ሰው አለ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጭራሽ! እናትሽ "በግራዋ ሳይታጠብ፣ በወይራ ሳይታጠን?" ይሉ ይሆናል። ለጋኑ ትክክል ናቸው፤ ሸክላ ጭሱን ይጠጣል። መስታወት ግን አይጠጣም። ለደስታቸው ብለሽ ብታጥኚው ግን አልከራከርም።

አሁን ያቆየሁት ጉዳይ። ጠጅ በሕይወት ያለ መጠጥ ነው። እርሾው የማሩን ስኳር እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም አራት ግራም የሚሆን ስኳር ብቻ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይወጣዋል። ጣፈጥ ያለ ጠጅ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደቀረ አስቢው! የሻምፓኝ ጠርሙስ ወፍራም የሆነው ስድስት አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት እንዲችል ነው። የተራ ወይን ጠርሙስ ግን ለዚያ አልተሠራም። ጥብቅ አድርገሽ ከድነሽ በሞቀ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጭንሽ ላይ ይዘሽው ስትሄጂ አስቢው። በቢላ የተጫረ ሲሆን ደግሞ... የፈነዳ ጠርሙስ ዓይን ይወስዳል። ከተመላሽ ጠርሙስ የባሰ ተመላሽ ይሄ ነው።

ስለዚህ ጠጁ አፈላሉን ጨርሶ ጸጥ ሳይል አታሽጊ። የምትሸጪውን በምታደርሺበት ጠዋት ሙይው፣ በቅዝቃዜ ያዥው፣ ክዳኑን አታጥብቂው፤ ደንበኛዋም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ በሁለት ሦስት ቀን እንድትጨርሰው ንገሪያት። ፍሪጅ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። አንዲት ዘዴ ልጨምርልሽ። ከዚያው ጠጅ አንድ ንጹሕ ሃይላንድ ሙይና ከድነሽ ከጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀምጪ። ሃይላንዱን በየቀኑ ጫን ጫን አድርጊው። ለስላሳ ከሆነ ሰላም ነው። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጠርሙሶቹም ውስጥ ግፊት አለና ፎጣ ጠቅልለሽ አንድ በአንድ አስተንፍሻቸው። ክዳንን በተመለከተ ቆርኪ አንዴ ከተነሳ አይመለስም፤ የተወጋ ቡሽም ያፈሳል። በጥምዝ የሚከደነውን ጠርሙስ ምረጪ።

ሥራው ሲሰፋ የፈቃድ ጉዳይ ይመጣልና ወረዳ ሄደሽ ከአሁኑ ጠይቂ። ሁለት ዓመት የተቀመጠችው አካውንቲንግም ይሄኔ ነው የምትጠቅምሽ፤ ማሩን፣ ጌሾውን፣ ከሰሉን፣ ሶዳውንም ጭምር ደምሪ።

ጠርሙሱ እርቃኑን ቀረ አይደል? እንግዲህ የራሳችሁን ወረቀት ልበሱበት። ውድ ስቲከር አታሠሪ፤ ነገ ራስሽ ልትፍቂው ነው። ተራ ወረቀት ቆርጠሽ ጀርባውን ወተት ቀብተሽ ለጥፊው፤ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይይዛል፤ ለብ ያለ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ ይለቃል። እናትሽ "በጾም ወተት ጠርሙስ ላይ?" ካሉ እንደ ልጅነታችን የዱቄት ሙጫ አብስዪ፤ ደብተር የሸፈንበትን ማለቴ ነው። ወረቀቱ ላይ የተሞላበትን ቀንና "ቀዝቅዞ ይቀመጥ" የሚለውን በጉልህ ጻፊ። ስሙን ግን አንቺ አትምረጪ፤ እናትሽ ይምረጡት።