ብልሁ ብርድ ልብስና ሞኙ እኔ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የገዛ እናቱን፣ በገዛ ገንዘቡ ብርድ ያስመታ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ይኸው እኔ አለሁላችሁ!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስቀል ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለበዓሉ እንደምትመጣ ስትነግረን፣ ዘመድ ሁሉ ጫማና ሽቶ ሲያዛት እኔ ብርድ ልብስ አዘዝኳት። ተራ ብርድ ልብስ እንዳይመስላችሁ! ሲሞቅህ የሚያቀዘቅዝህ፣ ሲበርድህ የሚያሞቅህ፣ ለጠፈርተኞች ከተጠና ጨርቅ የተሠራ «ስማርት» ብርድ ልብስ ነው የተባለው። ዋጋውን አትጠይቁኝ። ብቻ የሁለት ወር ደመወዜን ቅርጥፍ አድርጎ እንደበላ ልንገራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ሥር ነው። የዚያን ሰፈር የጥቅምት ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዕድሜዋም ሰባን አልፏል። ብርድ ልብሱን አልጋዋ ላይ ዘርግቼ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ብርድ የሚባለውን ነገር እርሺው!» አልኳት። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ያችን ስንት ዓመት የለበሰቻትን ጋቢ አጣጥፌ «ይቺማ አሁን ምን ታደርግልሻለች?» ብዬ ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠኋቸው። እናቴ ምንም አላለችም።

ታዲያላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቀን አምሽቼ እሷ ቤት አደርኩ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም ነቅቼ ባይ፣ እናቴ ሹራቧን ደራርባ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ ጉልበቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። እጇን ስይዘው በረዶ ነው!

«ምነው እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ስላየሁህ ነዋ ልጄ… ደግሞ እምቢ ያለው እኔን ብቻ መስሎኝ» አለችኝ።

ይቺን መልስ እስካሁን አልዋጥኳትም።

ንዴቴ በረድ ሲልልኝ ይሄ ጨርቅ ምን ጉድ እንደሆነ ማጥናት ጀመርኩ። ለካስ ውስጡ ያለው ሰም ነው። አዎ፣ ሰም! ሻማ ከሚሠራበት ወገን የሆነው ፓራፊን፣ ዓይን በማያያቸው ደቃቅ እንክብሎች ታሽጎ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በናሳ ገንዘብ ለጠፈርተኞች ጓንት ተብሎ የተጠና መሆኑም እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ሻጩ አልዋሸም። ሰሙ ሲቀልጥ ሙቀት ይውጣል፤ ሲረጋ ደግሞ የዋጠውን መልሶ ይሰጣል። እናቶቻችን ራሳቸውን ቅቤ ሲቀቡ «እፎይ፣ ቀዝቀዝ አለኝ» የሚሉት ለምን ይመስላችኋል? ቅቤው የሚቀልጠው ከራሳቸው ላይ በሚወስደው ሙቀት ስለሆነ ነው። ያው ነው ነገሩ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሰሙ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። ዕቁብ በሉት፤ የጣልከውን ነው የምትወስደው። ሎተሪ አይደለም! ከተለመዱት ሰሞች አንዱ የሚቀልጠው በ28 ዲግሪ ግድም ነው። ሽሮ ሜዳ ማታ በረዶ በመሰለ ክፍል ውስጥ ሲውል የሚያድረው ረግቶ፣ ቀዝቅዞ ነው። እናቴ ስትገባበት መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድነው? ከእሷ ገላ ሙቀት መውሰድ! በዕድሜ የገፋ ሰው ገላ ደግሞ ከወጣቱ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያመነጨው። ዕቁቡን የምትጥለው ከሌላት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሂሳቡንም ሠርቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰም አንዱ ግራም ሲቀልጥ 240 ጁል ገደማ ይውጣል። ብርድ ልብሱ 100 ግራም ሰም አለው ብንል 24,000 ጁል መሆኑ ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? የተኛ ሰው ገላ ግን ከ70 እስከ 100 ሻማ እንደሆነ አምፖል ያለማቋረጥ ሙቀት ይለቃል። በዚህ ሂሳብ ያ ሁሉ የተወራለት ክምችት ከ4 እስከ 6 ደቂቃ የገላ ሙቀት ነው! የሁለት ወር ደመወዜ በስድስት ደቂቃ…

ደግሞ ውሸት ነው እንዳልል፣ ሥራውን የሚሠራበት ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት «ኤምብሬስ» የሚባል ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን መጠቅለያ አለ። ሰም ያለበት ከረጢት አስቀድሞ በመሣሪያ ይሞቅና ሕፃኑን በ37 ዲግሪ ግድም ለአራት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ልዩነቱ ይታያችኋል? ሕፃኑ ትንሽ፣ ሰሙ ብዙ፤ ዕቁቡን የጣለውም ማሞቂያው እንጂ ሕፃኑ አይደለም። ወገኖቻችን በሚበዙበት በሜሪላንድም፣ እዚያው ያለው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ላብ ሲነካው የገላን ሙቀት የሚያሳልፍ፣ ሲደርቅ ደግሞ የሚይዝ ጨርቅ መሥራታቸውን አሳውቀዋል። ይሄኛው ሰም የለውም፤ የሚለዋወጠው ክሩ ራሱ ነው።

ስለዚህ እናንተም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከማስቸገራችሁ በፊት በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥና ስንት ግራም ሰም እንዳለው አስጠይቁ። ሻጩ «ለጠፈርተኛ የተሠራ ነው» ከማለት ሌላ መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አኑሩት። ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት ስትመላለሱ ለሚገጥማችሁ ድንገተኛ ለውጥ ወይም ሌሊት ለሚያልበው ሰው ይጠቅም ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ይከለክላል ብሎ ማሰብ ግን የእኔ ዓይነት ሞኝነት ነው።

ጋቢ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ያኔ ነው የገባኝ። አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መሐል ያለው አየር ሙቀቱን አላስወጣም ብሎ ይይዘዋል። አያልቅበትም፣ እስኪነጋ ያው ነው።

በማግስቱ እዚያው ሽሮ ሜዳ ደህና ጋቢ ገዝቼ መጣሁ። እናቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አዲሱን ለዘበኛው ሰጥታቸው አሮጌዋን አስመለሰች። «ይቺ ለምዳኛለች» አለችኝ፣ ሌላ ነገር አላከለችም። ብርድ ልብሱ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ሌሊት የሚያልበኝ ሰው ስለሆንኩ ስገባበት ቀዝቀዝ ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ተስማምቶኛል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትደውልና «እህ፣ ጠፈርተኛው፣ እንዴት አደርክ?» ትለኛለች።