ማልታ፦ የተዘጉ ቤቶች፣ የተጣበቡ ሰዎች

በማልታዋ ከተማ በስሊማ የባሕር ዳርቻ አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች አበሻ ሴት ሰላም አለችኝ። ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ይዛ ስለነበር ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። ለቱሪስት የሚከራዩ አፓርታማዎች ታጸዳለች። «ይኸውልህ ወንድሜ» አለችኝ ዘለላውን ከፍ አድርጋ፣ «ይኼ ሁሉ የቤት ቁልፍ ነው። አንዱም የእኔን ቤት አይከፍትም።» ስልክ ተለዋውጠን ተለያየን። ንግግሯ ግን ውስጤ ቀረና ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ተነሣሁ።

ማልታ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ስፋቷ አዲስ አበባን እንኳ አያክልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2011 ቆጠራ 417,432 የነበረው ሕዝቧ በ2021 519,562 ደርሷል። የውጭ ዜጎች በዚያ አሥር ዓመት ከ20 ሺህ ተነሥተው ከ115 ሺህ በላይ ሆነዋል። ያው ቆጠራ ግን ከአገሪቱ ቤቶች ሩብ ያህሉ ባዶ ወይም በወቅት ብቻ የሚኖርባቸው መሆናቸውን መዝግቧል። ቤት እያለ ሰው የሚጨናነቀው ለምንድን ነው?

መልሱ ረጅም ታሪክ አለው። ያኔ ማልታን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች በ1566 ዋና ከተማዋን ቫሌታን ሲቆረቁሩ እያንዳንዱ ቤት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንዲኖረው ደንግገው ነበር። ወንዝ በሌለባት ደሴት አንዱ ውሃ ካባከነ ሌላው ይጠማልና የግለሰብ ቤት ከጥንትም የሁሉም ጉዳይ ነበር።

እንግሊዞች በገዙበት ዘመን፣ በ1931፣ የኪራይ ሕግ ወጣ። አከራይ ኪራይ እንዳይጨምርና ተከራይን እንዳያስወጣ የሚያግደው ይህ ሕግ ከነተከታዮቹ ለመርከብ ጥገና ሠራተኛውና ለመበለቷ ከለላ ሆነ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ኪራዩ ባለበት ቆመ፤ የወር ሳይሆን የዓመት ኪራዩ ለአንድ እራት የማይበቃ ባለቤት በዛ። ብዙዎቹ ቤቱ ባዶ ሲሆን ዳግመኛ ከማከራየት ዘግቶ ማስቀመጥን መረጡ። ከጁን 1 ቀን 1995 ጀምሮ አዲስ ውል ከቁጥጥር ነፃ ሲሆን አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ አሮጌ ተከራይ የተጠበቀ፣ አዲስ ተከራይ ሜዳ ላይ የወደቀ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2009 አማቶ ጋውቺ የተባለ የቤት ባለቤት ባቀረበው ክስ የባለቤቱ መብት ተጥሷል ሲል ፈረደ፤ ተመሳሳይ ክሶችም ተከታተሉ። በ2021 በወጣ ሕግ የአሮጌ ውሎች ኪራይ በዓመት እስከ ቤቱ የገበያ ዋጋ 2 በመቶ ድረስ እንዲያድግና መንግሥት አቅመ ደካማ ተከራዮችን እንዲደግፍ ተደረገ።

ጣጣው ከመኖሪያ ቤት አልፎ የሰፈር ማኅበርንም ነክቷል። እኛ ለታቦት ንግሥ እንደምንወጣ ሁሉ የማልታ መንደር ለጠባቂ ቅዱሱ በዓል አደባባይ ይወጣል፤ በዓሉን የሚያደምቁት የየመንደሩ የባንድ ክለቦች ናቸው። ብዙዎቹ ክለቦች ቤታቸውን በአሮጌ ውል የተከራዩ ናቸው። በሃዝ ዘቡጅ የዴ ሮሃን ክለብ ከቤቱ እንዲወጣ ፍርድ ቤት ሲወስን፣ ፓርላማው በ2018 ክለቦችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ።

ድምፅ ያለው እንዲህ ተሰማ። የድምፅ አልባው ጉዳይ ግን ዘገየ። ማልታ በ2004 የአውሮፓ ኅብረትን ስትቀላቀል የኢንተርኔት ቁማር ኩባንያዎች መናኸሪያ መሆን ጀመረች፤ ጥሩ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ጎረፈ፣ ቤት ፈላጊውም በዛ። በ2014 ዜግነት ለባለሀብት መሸጥ ተጀመረ። አመልካቹ ቢያንስ በ350 ሺህ ዩሮ ቤት መግዛት ወይም በዓመት ከ16 ሺህ ዩሮ በማያንስ መከራየት ነበረበት፤ በውስጡ ይኑር አይኑር ግን ብዙም የሚጠይቅ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የዜግነት ሽያጩን ሕገ ወጥ ያለው በ2025 ነው።

ያቺ የቁልፍ ዘለላ የያዘችው እህት የመጣችው በሊቢያ በኩል ነው፤ በሃል ፋር የስደተኞች ድንኳን አሳልፋለች። «የማጸዳው አልጋ ሳይነካ ሳምንት ይከርማል» አለችኝ። «እኔ የምተኛው ግን ጓደኛዬ ለሌሊት ሥራ ስትወጣ በምትለቅልኝ አልጋ ነው። አከራዩ ውል አይሰጥም። ውል ከሌለህ አድራሻ የለህም፤ አድራሻ ከሌለህ ወረቀትህ አይታደስም። ብከሰው ማን ይጎዳል? እሱ ሌላ ተከራይ ያገኛል፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ጎዳና ላይ ነኝ።» ቆይታም፣ «ማልታውያኑን አልወቅስም፤ የጎረቤታችን የአሮጊቷ ልጆች እንኳ ቤት መግዛት አቅቷቸው ከእሷ ጋር ይኖራሉ» አለችኝ።

ከ2020 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል እንዲመዘገብ ግዴታ ሆኗል፤ የረጅም ጊዜ ውልም ከአንድ ዓመት አያንስም። በ2024 ደግሞ በአንድ ቤት በሚኖሩ ተከራዮች ቁጥር ላይ ገደብ ወጣ። ያልተመዘገበ ቤት የሚከራዩ ሰዎች ሲጠቁሙ የመኖሪያ ፈቃዳቸው አደጋ ላይ ይወድቅ እንደሆነ አንድ የቤቶች ጉዳይ ኃላፊን ጠየቅኋቸው። ጥያቄውን በጽሑፍ እንድልክ ነገሩኝ። ላክሁ፤ መልስ አልመጣም።

ለዚህ ሁሉ ቤት ፈላጊ የተነሣው የግንባታ ጥድፊያም ሕይወት ቀጥፏል። በ2020 ሃምሩን ውስጥ ከጎረቤት ቁፋሮ የተነሣ ቤቷ የተደረመሰባት እናት ሞተች፤ በ2022 ኮርዲን ላይ ወጣቱ ዣን ፖል ሶፊያ በግንባታ ላይ የነበረ ሕንፃ ወድቆበት አለፈ። የምርመራ ኮሚሽን የተቋቋመው እናቱ አደባባይ ወጥታ ከተሟገተች በኋላ ነበር።

የማልታ ታሪክ እንደሚያሳየው ሕግ ቤትን መጠበቅ ይችላል፤ ተከራይን፣ ባለቤትን፣ የባንድ ክለብን በየተራው ጠብቋል። አሁን ተራው ውል የሌለው ሰው ነው። ሕገ ወጥ አከራይን የጠቆመ ተከራይ ፈቃዱ እንደማይነካ በሕግ ይረጋገጥለት፤ አድራሻ የማግኘት መብትም ከአከራዩ በጎ ፈቃድ ይውጣ። ይህ እስካልሆነ ድረስ ምዝገባው የሚቆጥረው መመዝገብ የሚችሉትን ብቻ ነው።