ስለ ቡሬ ከተማ፤ ስለ አገሩ አቀማመጥ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ሀብቱ

ከተማ ሁሉ የሚቆመው በምክንያት ነው። አንዱ ቤተ መንግሥት ስለ ተሠራበት ይቆማል፤ ሁለተኛው ደብር ስለ ተተከለበት፤ ሦስተኛው ደግሞ መንገድ ከመንገድ ስለ ተገናኘበት። በጃፓን አገር ዮኮሃማ የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ እስከ 1851 ዓ.ም. ድረስ ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች፤ በዚያው ዓመት ወደቧ ለውጭ አገር ንግድ በተከፈተ ጊዜ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከታላላቆቹ የንግድ ከተሞች ጋራ ተቈጠረች። በምዕራብ ጎጃም ያለችው ቡሬ ከባሕር እጅግ የራቀች ናት። ሆኖም እንደ ወደብ የሚቈጠርላት ነገር አላት፤ ይኸውም የዐባይ መሻገሪያ ነው። መሻገሪያው ሲከፈት ቡሬ ትለማለች፤ ሲዘጋ ወይም ንግዱ በሌላ በኩል ሲዞር ትደኸያለች። ይህ ነገር ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ የአገሩ አቀማመጥ፣ ታሪኩና ሀብቱ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ተገልጧል።

የአገሩ አቀማመጥ

ቡሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ አየሯ ወይና ደጋ ነው። በሰሜን ሰከላ፣ በምሥራቅ ጃቢ ጠህናን፣ በምዕራብ ወምበርማ፣ በሰሜን ምዕራብ የአዊ አገር ያዋስኗታል። በደቡብ ወሰኗ ዐባይ ነው፤ ከዐባይ ማዶ ያለው የወለጋ አገር ነው።

የዐባይን አካሄድ ያላስተዋለ ሰው የቡሬን ነገር ሊያስተውል አይችልም። ከቡሬ በስተ ሰሜን፣ በሰከላ ወረዳ ከግሽ ተራራ ሥር፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ይገኛል። ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ከሩቅ አገር መጥተው ያዩትና በመጽሐፋቸው የጻፉለት ምንጭ ይህ ነው። ከዚህ የሚወጣው ውሃ ግልገል ዐባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ይገባል። ከዚያ በኋላ ዐባይ በባሕር ዳር በኩል ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ከዞረ በኋላ፣ ተመልሶ ከቡሬ በስተ ደቡብ ያልፋል። ስለዚህ ጎጃም በብዙ ወገን በጥልቅ ሸለቆ የታጠረ አገር ነው፤ ከሸዋም ሆነ ከወለጋ ጋራ የሚገናኘው በመሻገሪያ ብቻ ነው። መሻገሪያውም በክረምት ውሃው ሲሞላ በእግር የማይደፈር፣ በበጋ ብቻ የሚታለፍ ነበር።

ፈጠምና ብር የሚባሉት ወንዞች የአገሩን ውሃ ሰብስበው ወደ ዐባይ ያወርዳሉ። መሬቱ ከሰከላ ደጋ ተነሥቶ በቡሬ ሜዳ ወይና ደጋ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ዐባይ በረሃ ሲወርድ ቆላ ይሆናል። ሰው በአንድ ጉዞ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ተነሥቶ ማሽላና ሰሊጥ ከሚበቅልበት ይደርሳል። ደገኛና ቈለኛ ምርቱን የሚለዋወጥበት ገበያ በመካከል ማስፈለጉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ታሪክ

ቡሬ የምትገኝበት አገር ከጥንት ጀምሮ ዳሞት ሲባል ኖሯል። ዳሞት የሚባለው የቀድሞ መንግሥት ግን የነበረው ከዐባይ በስተ ደቡብ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው የሕዝብ እንቅስቃሴ ከሕዝቡ ብዙው ወንዙን ተሻግሮ በጎጃም ስለ ሰፈረ ስሙም አብሮ ተሻገረ። እንግዲህ የአገሩ ስም ራሱ ዐባይ የተሻገረ ስም ነው ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያና ከጊቤ አገሮች፣ ከጉድሩና ከወለጋ የሚመጣው ንግድ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይገባ ነበር። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። በዚያ ዘመን በባሪያ መነገድ ስላልቀረ ሰውም እንደ ሸቀጥ በዚሁ መንገድ ያልፍ ነበር። በምሥራቅ በኩል በባሶ የየጁቤ ገበያ ስመ ጥር ነበር፤ በምዕራብ በኩል ቡሬ ከዚሁ ንግድ ድርሻዋን ታገኝ ነበር። ሸቀጡ ከጎጃም በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ወይም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር።

ይህን ንግድ የያዘ ሰው ቀረጡን ስለሚይዝ፣ ከዐባይ ማዶ ያለው አገር የነገሥታት መወዳደሪያ ሆነ። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእምባቦ ተዋጉ፤ ድሉም ለሸዋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የደቡቡ ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ መለሰ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ላይ በጋምቤላ በኩል የንግድ ስፍራ ስለ ተፈቀደ፣ የምዕራብ ወለጋ ቡና በዚያ በኩል መውጣት ጀመረ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲ ምድር ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የቡሬ መሬት ለምነቱ አልጐደለም፤ ገበሬዋም አልሰነፈም፤ ነገር ግን ነጋዴው በሌላ በኩል ስላለፈ ገበያዋ ቀዘቀዘ።

በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ቡሬ ምሽግ ተሠርቶባት ብዙ ጦር ሰፈረባት፤ ምክንያቱም መንገዱን የያዘ አገሩን የሚይዝ ስለ ሆነ ነው። በዙሪያዋ ያሉት የጎጃም አርበኞች ግን ጠላትን ከምሽጉ ርቆ እንዳይሄድ አስጨነቁት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው በበላያ ሲያልፉ፣ የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋራ ሆኖ ቡሬን ስላጠቃ ጠላት በየካቲት ወር ማብቂያ ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ መንገድ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ዋጀት ትባል የነበረችው ጎረቤት ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው፣ ይኸውም የሰላም መንገድ ማለት ነው፣ የዚያን ጊዜውን ጉዞ ለማስታወስ ነው።

ከድል በኋላ ለአስተዳደር ትምህርት የሚሆን ሌላ ነገር ደረሰ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የመሬቱ መለካት ርስቱን የሚያሳጣው መስሎት ተነሣ። ጦር ታዘዘ፤ ሰው ሞተ፤ እህልም ተቃጠለ። በመጨረሻ ግን ገዥው ተለወጡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። አስቀድሞ ለሕዝቡ በሚገባ ያልተገለጠ አዋጅ የሚያስከትለው ጉዳት ከሚያስገባው ገንዘብ እንደሚበልጥ ይህ ታሪክ ያስረዳል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ ባለርስትነት ቀርቷል፤ መሬቱን የመጠበቅ ግዴታ ግን ደብተር በያዘው ባለይዞታ ሁሉ ላይ ጸንቶ ይኖራል።

እርሻና ንግድ

የቡሬ፣ የወምበርማና የጃቢ ጠህናን አገር በበቆሎ የታወቀ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳና ኑግ በብዛት ይዘራሉ፤ በርበሬው በሩቅ ገበያ ሳይቀር ይፈለጋል። በደጋው በኩል ገብስ፣ ድንችና ግብጦ ይገኛሉ። ከብትና ንብ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

በቆሎው እንዲህ የበዛው በድንገት አይደለም። ከዐባይ ማዶ በባኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ድቅል ዘሮች፣ ይልቁንም በ1985 ዓ.ም. የተለቀቀው ቢ ኤች 660 የሚባለው፣ በጎጃም መሬት እጅግ ስለ ተስማሙ ነው። ቀድሞ ቡናና ወርቅ የመጣበት አገር ኋላ ደግሞ ዘር ሰጠ። ነገር ግን ድቅል ዘር ከጐተራ ተቀንሶ ቢዘራ ምርቱ ስለሚወርድ በየዓመቱ መገዛት አለበት። ዘሩና ማዳበሪያው ከዝናቡ በፊት ካልደረሰ ገበሬው የዓመት ሀብቱን ያጣል። ግንቦት ያለፈው ዘር በሐምሌ ቢመጣ ለባለ ዕዳነት እንጂ ለጎተራ አይሆንም።

በቡሬ ከተማ በአገሪቱ መጀመሪያ ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ ተሠርቷል። ምርቱን ከገበሬው ሰብስበው የሚያደርሱለት የገጠር ሽግግር ማዕከላት በፍኖተ ሰላምና በሌሎችም ከተሞች እንዲቆሙ ታስቧል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ታላቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በከተማዋ ተመርቋል። ኢትዮጵያ የምትበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ ስለ ሆነች፣ የኑግ ጥንተ አገሯም ራሷ ስለ ሆነች፣ ይህ ሥራ የተገባ ነው። ሆኖም ፋብሪካ የሚበላው እህል ከማሳ ካልመጣለት ግንቡና መኪናው ብቻውን ሀብት አይሆንም። ገበሬው ኑግ የሚዘራው ከበቆሎ የማያንስ ዋጋ ሲያገኝ፣ ዋጋውንም ሳይዘራ አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።

መንገዱም ዛሬ ከድሮው ተለውጧል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ዐባይን በድልድይ ይሻገራል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በኩል ደግሞ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ተከፍቷል። ነገር ግን ድልድይ ስላለ ብቻ መንገድ ተከፈተ አይባልም። በቅርብ ዓመታት የነቀምቱ መንገድ በጸጥታ ጉድለት ምክንያት በየጊዜው ተዘግቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የጎጃም ጎዳና ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ በቆሎ በጐተራ ይነቅዛል፤ ማዳበሪያ በመጋዘን ይቀራል፤ ጨውና ዘይት ይወደዳል። የቀድሞው ጉዳት በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለ መሬቱ መድከም

ከመንገዱ ሌላ በዝምታ የሚሄድ ጉዳት አለ። የጎጃም ቀይ አፈር ብዙ ዝናብ ስለሚያጥበው አሲዳማ ይሆናል። ዝናቡ ኖራ መሰሉን ንጥረ ነገር ጠርጎ ይወስዳል፤ ገለባው ለከብትና ለማገዶ ስለሚነሣ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር ያንሳል፤ አንዳንዱ ማዳበሪያም አሲዳማነቱን ይጨምራል። መሬቱ እንዲህ በሆነ ጊዜ የተጨመረለት ፎስፎረስ ተይዞ ይቀራል፤ አሉሚንየም የሚባለውም ንጥረ ነገር ሟሙቶ ሥሩን ያቀጭጨዋል። ገበሬው ማዳበሪያ በዕዳ ገዝቶ ጨምሮ ምርት ሲያጣ፣ ጥፋቱ የእርሱ ወይም የማዳበሪያው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከአፈሩ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይህን ፈጥነው ያሳያሉ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። አፈሩ ተመርምሮ በልኩ የተፈጨ ኖራ ከመዝራት በፊት አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋራ ሲታረስ መሬቱ ይታደሳል፤ ጥቅሙም ለጥቂት ዓመታት ይቆያል። ኖራ ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ይከብዳል። ኖራ እስኪደርስ ድረስ ፍግና ብስባሽ መጨመር፣ አሲድ የሚችለውንና መሬት የሚያድሰውን ግብጦ እያፈራረቁ መዝራት ይጠቅማል። በተዳፋት ላይ እርከን ማበጀትም ከዚሁ ይቈጠራል፤ ከቡሬ ማሳ የታጠበ አፈር በፈጠም ወርዶ ዐባይ ከገባ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ለአስተዳዳሪዎች ሊታሰብ የሚገባው

ከዚህ በላይ ከተጻፈው ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፤ የቡሬ ሀብት ከመንገዱ ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ መንገዱን በሰላም መክፈት ከማናቸውም የልማት ሥራ ይቀድማል። ከዐባይ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሹማምንትና ሽማግሎች በየጊዜው ተገናኝተው ካልመከሩ ይህ አይሆንም። ሁለተኛ፤ ዘር፣ ማዳበሪያና ኖራ በወቅቱ መድረሱ የሹም ሥራ መለኪያ ሊሆን ይገባል፤ በመዝገብ መጻፉ ሳይሆን በማሳ መገኘቱ ይታይ። ሦስተኛ፤ ፋብሪካውና ገበሬው በዋጋ እንዲስማሙ፣ የታዘዘውም ነገር አስቀድሞ በጉባኤ እንዲገለጥ ማድረግ ነው፤ የ1960 ዓ.ም. ነገር እንዳይደገም።

የእምባቦው ጦርነት፣ የጋምቤላው ውልና የጅቡቲው ባቡር በተራ በተራ የቡሬን ገበያ ወስደውታል፤ ይህም ሲሆን የቡሬ ሰው የተጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ግን ድልድዩ ቆሟል፤ ፋብሪካው ቆሟል፤ መሬቱም ገና አልሞተም። የቀረው የሰው ሥራ ነው፤ ይህም ሥራ በአገሩ ላይ በተሾሙትና መሬቱን በያዙት እጅ ነው።