ጠመንጃው ተገዛ፣ መነጽሩስ?

ዳላስ፣ ቴክሳስ የሚኖር አንድ ወዳጄ የሩቅ ዒላማ ተኩስ አማረውና ለመኪና ያጠራቀማትን ገንዘብ ጠመንጃ ላይ አፈሰሳት። ስኮፕ የሚሉትን ማነጣጠሪያ መነጽር ግን በተረፈችው ፍራንክ ገዛ። ምን ዋጋ አለው! መነጽሩ በየተኩሱ ንዝረት እየተንሸራተተ ጥይቱ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ሆነ። በ100 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር የሆነች ስህተት እኮ 900 ሜትር ላይ 27 ትሆናለች!

እዚያው አገር ሆነህ ለመጀመር ያሰብክ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለሁለት ክፈል፤ ግማሹ ለመነጽሩና ለማሰሪያው ይሁን። ሻጮቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሞር ያሞግሱልሃል። እውነት ነው፣ ከ308ቱ ይልቅ ነፋስ አይደፍረውም። ጥይቱ ግን ኪስ ያራቁታል። እኔን ከሰማኸኝ በ22 ካሊበር ጀምር፤ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ 200 ሜትር ላይ እንኳ ነፋስ ስለሚያንገላታው የነፋስን ጠባይ ቶሎ ያስተምርሃል።

ወዳጄማ ለጠመንጃው ገዢ እያፈላለገ ነው። ሚስቱ ገና አልሰማችም።