ፍሎራይድና የአፍ መጉመጥመጫ፦ ልኩን ማወቅ



በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ሳታዩ አልቀራችሁም። የአፍ መጉመጥመጫ ይባላሉ። ናና ናና ስለሚሸቱና ለስላሳ መጠጥ ስለሚመስሉ ሕፃናት ሊጠጧቸው ይቃጣቸዋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ግን ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ለመሆኑ ፍሎራይድ ምን ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከምንበላው ስኳር አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ የጥርሳችንን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ጥርስም ይቦረቦራል። ፍሎራይድ የተሟሟው ማዕድን ወደ ጥርሱ እንዲመለስ ይረዳል፤ ሽፋኑም አሲድን እንዲቋቋም ያደርገዋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ጥርሱን በመንካት ስለሆነ መዋጥ አያስፈልገውም።

ከልኩ ሲያልፍ የሚያመጣውን ጉዳት ደግሞ ከአገራችን እንማር። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የበለዘ ነው። ይህ የንጽሕና ጉድለት ስላልሆነ ማንም ሊሳለቅበት አይገባም። ምክንያቱ የጉድጓድ ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። በእነዚያ ቦታዎች የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ አላቸው። ልጅ ጥርሱ ከድዱ ሥር በሚሠራበት ዘመን፣ ማለትም እስከ 8 ዓመቱ ገደማ፣ ፍሎራይድ ከበዛበት ጥርሱ በልዞ ይወጣል። በወንጂ የስኳር እርሻ ያን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጡ አንዳንድ ሠራተኞች አጥንታቸው ደንድኖ ጀርባቸው እስከ መጉበጥ ደርሷል። ውሃውን ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። በየቀኑ የሚወሰድ የተለመደ መጉመጥመጫ 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ አለው። ይህ በአንድ ሊትር 225 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ በምንጉመጠመጠው 10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2.25 ሚሊግራም አለ። አንድ ሕፃን በየቀኑ ይህን ቢውጥ በ1 ሊትር ውሃ ከተፈቀደው በላይ ወሰደ ማለት ነው።

መንግሥታት ልክ ያበጁለትም ለዚህ ነው። በአሜሪካ ፍሎራይድ ያለው መጉመጥመጫ የሚቆጠረው እንደ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ደንብ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጥ አንድ ጠርሙስ መጉመጥመጫ ውስጥ ከ120 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይከለክላል። ምክንያቱም ሕፃን በድንገት ጠርሙሱን ቢጨልጠው ጉዳቱ እንዳይከፋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እንዲህ ያለውን ምርት ከመዋቢያ ዕቃዎች ይመድበውና ፍሎራይዱ ከ0.15 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። በኢትዮጵያ መድኃኒትንም መዋቢያንም የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑንም የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ ቤታችን ድረስ ገብቶ ጠርሙሱን ከሕፃን እጅ አይቀማም። ካፉሪም ሆናችሁ ከካፉሪ ወጥታችሁ ሌላ ቦታ ብትኖሩ የሚከተሉትን አትርሱ።

1ኛ. ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ተማሪዎች፣ አረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። «ፍሎሪድ» ወይም «ፍሎራይድ» የሚል ቃልና ከጎኑ ያለውን ቁጥር ፈልጉ።

2ኛ. ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሐኪም ካላዘዘ አትስጡ። ከዚያ በላይ ያሉትንም መትፋት እስኪለምዱ ድረስ አጠገባቸው ሆናችሁ ተቆጣጠሩ።

3ኛ. ለአንድ ደቂቃ ተጉመጥምጣችሁ ትፉት። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ምንም አትብሉ፣ አትጠጡም።

4ኛ. ልጅ ብዙ ከዋጠ ወተት አጠጡት፤ በግድ እንዲያስመልስ ሳታደርጉ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

መጉመጥመጫ መግዛት የማይችል ቤተሰብም ሊጨነቅ አይገባም። በቀን ሁለት ጊዜ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና መቦረሽና ጣፋጭ መቀነስ ዋናው ጥበቃ ነው። ሳሙናውም ለትናንሽ ልጆች ጥቂት ይበቃቸዋል። በመፋቂያም ቢሆን ጥርስን በየቀኑ ማጽዳት ይጠቅማል።

ለተማሪዎች ጥያቄ፦ በ1 ሊትር 225 ሚሊግራም ፍሎራይድ ካለ፣ 500 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ይኖራል? ከ120 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ካሰላችሁ በኋላ መልሱን ለወላጆቻችሁ አስረዷቸው።